የማዶው ጎረቤት

ሀረገወይን ከኦክላንድ መሀል ከተማ ወጥታ ዳገቱ ላይ ወዳለው የልጇ ቤት የሄደች ዕለት፣ ጎረቤቷ ዘነቡ እስከ መኪናው ድረስ ሸኝታት፣ "ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ አንቺ ግን እዚያ ትነቅዣለሽ" አለቻት። ዘነቡ ክፉ ሰው አይደለችም፣ አፏ ነው እንጂ። ሁለቱ በአንድ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው ብዙ ዓመት ኖረዋል። አንዷ ስታነጥስ ሌላዋ ከግድግዳው ወዲያ "ይማርሽ" የምትልበት ጉርብትና ነበር።

ልጇ ፋሲል የሚሠራው ሳን ሆዜ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ። ቤቱን የገዛው ከሚስቱ ጋር ሊኖርበት ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ኮንኮርድ ገባች፣ ቤቱና ዛፎቹ ለእሱ ተረፉ። ከዓመት በላይ ብቻውን ከኖረበት በኋላ እናቱን፣ "እማዬ፣ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ። ዛፍ አለ፣ ንጹሕ አየር አለ፣ ጸጥታ አለ" አላት። አልዋሸም፣ ሁሉም አለ። የሌለው ሰው ብቻ ነው።

ዛፎቹ ከመርዘማቸው የተነሳ ጫፋቸውን ለማየት አንገት ያማል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ አውቶቡስ አይደርስበት፣ የእግረኛ መሄጃ የለው። የሰፈሩ ሰው መኪናውን እየነዳ ጋራዥ ይገባና በሩ ከኋላው ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ሀረገወይን ጎረቤቶቿን የምታውቃቸው በጋራዥ በራቸው ነው፤ ነጩ፣ ቡኒው፣ ሲዘጋ የሚንቋቋው። ጽጌረዳውን ሊበላ የሚመጣ አንድ አጋዘን አለ። ቀና ብሎ አይቷት መብላቱን ይቀጥላል። ከሰፈሩ ሁሉ ዓይኗን አይቶ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው ብትል ውሸት አይሆንባትም።

አፓርትመንቷን ግን ገና አልለቀቀችም፤ የመጣችው ለሙከራ ነው። አሁን የአፓርትመንቱ ማኔጀር እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋል። ከለቀቀች ደግሞ ወረፋው የብዙ ዓመት ስለሆነ ተመልሳ አትገባም። ፋሲል "የመልቀቂያ ኖቲስ ስጪያቸውና ይለይልሽ" ይላታል። እሷ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል ትፈራለች። ከሁሉ የምትፈራው ግን አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ሥራ በዋለበት ቀን ብትወድቅ፣ ብትሞት፣ የሚሰማት አለመኖሩን።

የሚያጽናናት ከመንገዱ ማዶ ያለች ትንሽ የእንጨት ቤት ናት። ሲመሻሽ ከዛፎቹ መሀል መስኮቷ ላይ መብራት ይበራል። እንደመጣች ሰሞን "ማን ነው እዚያ ያለው?" ብላ ፋሲልን ጠይቃው ነበር። "አንድ ሽማግሌ ነው" አላትና ወደ ሌላ ወሬ ገባ። ለእሷ ይህ በቃት። ሽማግሌው እንደሷ እግሩን የሚያመው፣ ልጆቹ ርቀው የሚኖሩ፣ ደግ ሰው እንደሆነ ራሷ ወሰነች። መብራቱ ሲበራ መስኮቷ ላይ ቆማ እጇን ታነሳለች፣ "እንደምን አመሹ" ትላለች። ሄዳ አላንኳኳችም፤ በእሷ ወግ አዲስ የገባን ሰው "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚለው ነባሩ ነው። አንድ ቀን ይመጣል ብላ ጠበቀች። እንዲህ እንዲህ ስትል ልቧ ወደ መቆየቱ አጋደለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፣ አንድ ሰው ካለ ይበቃል አለች። እሑድ ማታ ለልጇ "እሺ፣ እለቃለሁ" ልትለው ቆርጣ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፋሲል እንደልማዱ ልጁን ሊያይ ኮንኮርድ ሄደ። ሀረገወይን መጋረጃውን ስትገልጥ መንገዱ ዳር ለዳር በመኪና ተሞልቷል። የማዶው ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው በዝግታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል፣ ይወጣል። ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ሽማግሌው ሞቷል።

"ወይኔ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቃቸው" አለችና ደረቷን መታ አደረገች። ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጣለች። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። እነ ዘነቡ ሰፈር የታሸገ ውሃ ሳይዝ የሚመጣ ለቀስተኛ የለም። ጋራዥ ውስጥ ከነበረው ውሃ አንዱን ካርቶን እየጎተተች፣ ከተማ ሳለች ገበያ ትወጣበት በነበረው ባለጎማ ቦርሳ ላይ ጫነችና መንገዱን ተሻገረች።

በሩ ላይ ሽርጥ ያደረገ ሰው ቦርሳዋን አየና "በካሽ ነው በካርድ?" አላት። ፈረንጆቹም እድር አላቸው ማለት ነው ብላ ገረማት፤ "በኋላ" አለችው። ገብታ አንገቷን ደፋች፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለች በአማርኛ፤ እንዲህ ያለው ነገር በእንግሊዝኛ አይወጣላትም። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ወንበር አገኘችና ተቀመጠች። መልስ የሰጣት የለም። አንዲት ሴት ሳህን ገልብጣ ቂጡን ታያለች። ሁለት ሰዎች አንድ ካፖርት ይዘው ይከራከራሉ። የሚያለቅስ ሰው አጣች። አንዱ ከካርቶኗ ውሃ አንስቶ "ስንት ነው?" አላት። ሐዘን አዙሮበት ነው ብላ ጠርሙሱን ከፍታ ሰጠችው።

ከዚያ አንድ ጢማም ጎልማሳ አጠገቧ ጎንበስ አለ። "ይቅርታ እናቴ፣ ወንበሩን ገዝቼዋለሁ።"

ተነሳች። የወንበሩ ጀርባ ላይ ዋጋ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ ሳህኑም ላይ፣ ካፖርቱም ላይ አለች። ያኔ ገባት። ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ የሚሸጥበትን ጋራዥ ሴል ታውቃለች፣ ራሷም ብርድ ልብስ ገዝታበታለች። የሟች ቤት ተከፍቶ፣ ሰው መኝታ ቤቱ ድረስ እየገባ የሚገዛበትን ግን ሰምታም አታውቅ። ሰውነቷ በእፍረት ጋለ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገበያ መሀል ቆማለች።

ከወጥ ቤት አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ሴት ወጣችና "የሚፈልጉት ነገር አለ?" አለቻት።

"እኔ ማዶ ነው የምኖረው። ጎረቤት ነኝ" አለች ሀረገወይን በሆቴል ጽዳት በለመደችው እንግሊዝኛ። "ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።"

ሴትየዋ እጇን በፎጣ ጠረገች። "አባቴ ናቸው። አመሰግናለሁ። ከሰፈሩ የመጣ ሰው አልነበረም።"

"መቼ ነው ያረፉት?"

"ማርች ላይ።"

ሀረገወይን የመጣችው ጁን ላይ ነው፤ አሁን ሰፕቴምበር ሆኗል። "መብራቱስ? ማታ ማታ ይበራል እኮ" አለች።

"ታይመር ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ያበራዋል" አለች ሴትየዋ፣ መስኮቱ ላይ ያለውን መብራት እያሳየቻት። "ቤቱ ባዶ መሆኑ እንዳይታወቅ ብለን ነው።"

"ሲያርፉ ማን ነበረ?"

"ማንም። ፖስታ አዳዩ ነው የጠረጠረው። ደብዳቤው ሲከማችበት።"

ሀረገወይን ስማቸውን ጠየቀች። ዋልተር ይባላሉ። ሟች በስሙ ተጠርቶ፣ ደግነቱ ተነግሮ ነው የሚለቀሰው፤ ስሙን አገኘች እንጂ ሌላውን አታውቅም። ለጋስ ይሁኑ ቁጡ፣ እግራቸውን ይመማቸው አይመማቸው። "ዋልተር" አለች አንዴ፣ ቀስ ብላ። ለቅሶው ግን አልመጣላትም። የሟቹን ልጅ እጅ ይዛ ጥቂት ቆመችና ውሃውን ትታላት ወጣች።

ፋሲል አመሻሽ ላይ ሲመለስ እናቱ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ሳሎን ተቀምጣ አገኛት። ደነገጠ። "ማን ሞተ?"

"ዋልተር።"

"ማን ዋልተር?"

"የማዶው።"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝም አለ። ከዝምታው አወቀችው።

"ታውቅ ነበር" አለች።

"ሶሪ እማዬ። ሞቷል ብልሽ ትፈሪያለሽ፣ አትቆዪም ብዬ ነው። መብራቱን ስታዪ ደግሞ ደስ ሲልሽ አየሁ።"

"ለሬሳ እጄን ሳነሳ ከኋላዬ ቆመህ ታየኛለህ?" አለችው። "ስማ፣ ሰኞ ማኔጀሩ ጋ እደውላለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ዘነቡ ግድግዳውን ስትደበድብ መልስ ካጣች በሩን ሰብራ ትገባለች። እኔን ፖስተኛ አያገኘኝም።"

ፋሲል ጫማውን ሊያወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አንዱን አውልቆ ሌላውን ተወው።

"እኔንስ ማን ያገኘኛል?" አለ።

"ምን?"

"ሰውዬው በሕይወት እያለ አንድ ቀን አላንኳኳሁም። ከሞተ በኋላ ታይመር መሆኑን እያወቅሁ፣ ከሥራ ስመጣ መኪናዬን አቁሜ መብራቱን አየው ነበር። ሠርቼ እመጣለሁ፣ እተኛለሁ። ቅዳሜ ልጄ ጋ እስክሄድ እዚህ ቤት ውስጥ የራሴን ድምፅ አልሰማውም። አንቺ ስትመጪ ነው..." አልጨረሰውም።

ሀረገወይን ልጇን አየችው። ጆሮ ግንዱ ሸብቷል፤ መቼ እንደሸበተ አላስተዋለችም። ሊጦራት ያመጣት መስሏት ነበር፤ ለካስ ጧሪ ያጣው እሱ ነው። ንዴቷ የት እንደገባ ጠፋት። ጎንበስ ብላ የቀረውን ጫማ ክር ፈታችለት፣ ልጅ ሳለ እንደምታደርገው። ሁለቱም ስለ ሰኞ ምንም አልተነጋገሩም።

ሰኞ እሱ ገና ሳይነጋ ወጣ። ሀረገወይን ቢሮ እስኪከፈት ጠብቃ ማኔጀሩ ጋ ደወለችና "እለቃለሁ፣ ለሌላ ሰው ስጡት" አለች። ቀጥላ ዘነቡ ጋ ደወለች።

ዘነቡ ሰምታ ዝም አለች፤ ለዘነቡ ይህ ብርቅ ነው። "ምን አገኘሽ እዚያ ጫካ ውስጥ?" አለች በመጨረሻ።

"ልጄን ነዋ።"

"እሱማ ቀኑን ሙሉ የለም።"

"ማታ ይመጣል" አለች ሀረገወይን።

ዘነቡ ማልቀስ ጀመረች፣ ሀረገወይንም አብራ። ያን ቅዳሜ ለዋልተር እምቢ ያላት ለቅሶ አሁን ወረደ። በስልክ ለረጅም ጊዜ ተላቀሱ። ስልኩን ስትዘጋው ገና ጠዋት ነው፤ ፋሲል ከሳን ሆዜ እስኪመለስ ቀኑ ሙሉ ይቀራታል።