ስስ ልጣጭ

እንዲህ ነው እንጂ፣ ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስ አድርጎ ነው ድንች መላጥ፣ ወፍራም ልጣጭ የሚጥል ሰው የላጠው ድንቹን ሳይሆን ኪሱን ነው፣ ይህን እናቴ ናት የምትለው ወይስ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ድካም ሲበዛ የራስን ቃል ከሰው ቃል መለየት ያቅታል። ወገቤ። ዛሬ የእረፍት ቀንሽ ነው ቢሉት ወገብ መቼ ይሰማል፣ ሳምንቱን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሲጎትት ከርሞ፣ እርጥብ አንሶላ እንደ ሬሳ ነው የሚከብደው፣ እንግዶቹ ደግሞ ፎጣውን አንዴ ፊታቸውን ነካ አድርገውበት ወለል ላይ ይጥሉታል፣ ይታጠብ ይባላል፣ ይታጠባል፣ እዚያ ውሃው የሆቴሉ ነው። እዚህ ግን የኔ ነው። ልብስ ያለቀለቅኩበት ወደ ባልዲ፣ ከባልዲው ወለል መወልወያ፣ ወለሉን ወልውሎ ሲያበቃ ወደ ሽንት ቤት፣ ውሃ ሦስት ሥራ ሳይሠራ ከዚህ ቤት አይወጣም፣ ልክ እንደኔ።

ጨው ቆንጠር። ጋዙ ሊያልቅ ነው፣ ሲሊንደሩን ስነቀንቀው ባዶ ባዶ ይላል፣ ሲፈላ ወዲያው አጠፋዋለሁ፣ ክዳኑን ገጥሜ በወፍራም ጨርቅ ከሸፈንኩት የቀረውን ራሱ እንፋሎቱ ያበስለዋል። ያለቀ የሳሙና ቁራጭ ሁሉ በአሮጌ ካልሲ ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል፣ አረፋ ያወጣል፣ ምን ጎደለው፣ የጥርስ ሳሙናው በመቀስ ተሰንጥቆ ሆድ ዕቃው ተገልብጧል፣ የዘይቱ ጠርሙስ በአፉ ተደፍቷል፣ ፌስታሎቹ ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል፣ አከራያችን ባያቸው ቁጥር እትዬ ደግሞ የፌስታል ላውንደሪ ከፈቱ እንዴ ይለኛል፣ ይሳቅ፣ መሳቅ በኪራዩ ውስጥ የተካተተ ነው። ባሌማ ስሜን ከረሳው ቆይቷል፣ ማጥፊያ ነው የሚለኝ፣ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ባለበት መብራቱን ድርግም አደርግበታለሁ፣ አንቺ ማጥፊያ፣ ሰው አለ እኮ እዚህ፣ ይላል ከጨለማው ውስጥ። ጫማህ የት እንዳለ አጣኸው እንዴ፣ እግርህ ላይ ነው፣ እለዋለሁ።

የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳው ይሰማል፣ ለሱ የሚከፍለው ጎረቤት ነው፣ እኔ በነጻ አዳምጣለሁ፣ ውድ አድማጮቻችን የቤተሰብ ወጪን ለመቀነስ በቅድሚያ አላስፈላጊ ወጪዎችን ለይቶ ማስወገድ ተገቢ ነው፣ ለምሳሌ ያህል ከቤት ውጭ መመገብን፣ ለምሳሌ ያህል! ጌታዬ፣ እኛ እኮ አላስፈላጊውን ጨርሰን አስፈላጊው ላይ ከደረስን ቆየን።

ቀስ፣ ድስቱን አታንኳኪ፣ ልጅቷ ተኝታለች። ትላንት ምሽት ድንገት በሩን አንኳኳች፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ነርስነት ከምታጠናበት ከተማ ድረስ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ውላ፣ እረፍት ሰጥተውን ነው እማዬ አለች፣ በዚህ ወር ደግሞ ምን የሚሉት እረፍት ነው፣ አልጠየቅኩም፣ የመጣ ልጅ ለምን መጣህ አይባልም። ግን ሳቅፋት ኮቷን ነው ያቀፍኩት። ውስጡ ሰው የለም። ምነው ሚጡ፣ ጥናት ነው እማዬ፣ ጥናት ሰውን እንዲህ አድርጎ ይልጠዋል? አባቷም አየት አድርጓት ነርስ ልትሆኚ ነው ወይስ ታማሚ አላት፣ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሞኝ።

ፈላ። ጠፋ። ክዳን፣ ጨርቅ።

ስልክ ነው፣ የሷ፣ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፣ ሳይቀሰቅሳት ላንሳው፣ ሄሎ ሳልል የሴት ልጅ ድምፅ ጥድፍ ጥድፍ ይላል፣ አንቺ ደህና ገባሽ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ወደቅሽ ብዬ ሞቼልሽ፣ እናቷ ነኝ ልጄ፣ ተኝታለች፣ ውይ እትዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ ዶርም አብሬያት የምኖረው ነኝ፣ ተሻላት? ምኑ ነው የሚሻላት። አልነገረችዎትም እንዴ። ንገሪኝ። እትዬ እሷ ነገረችኝ እንዳይሉ። ንገሪኝ አልኩሽ እኮ ልጄ፣ እናት ነኝ። ወደቀች እትዬ፣ ልምምድ ላይ፣ የታማሚ አልጋ እያነጠፍን ሳለ ዝልፍልፍ ብላ፣ ታማሚዋ ራሳቸው ናቸው ተነስተው የደገፏት፣ ሐኪሙ በሽታ የለባትም፣ ምግብ ነው ያጣችው አለ፣ ቤቷ ሄዳ ታገግም ብለው ፈቃድ ሰጧት። ምግብማ ትበላለች እኮ፣ እላለሁ፣ ካፍቴሪያ። ነን ካፌ ነች እትዬ፣ ካፍቴሪያውን ትታ ገንዘቡን ነው የምትቀበለው፣ ማታ ዳቦ በሻይ ትበላለች፣ ስንጋብዛት በልቼ ነው የመጣሁት ትለናለች። ምን ታደርግበታለች ገንዘቡን። መጀመሪያ ለአባቷ መነጽር ነው ብላን ነበር፣ ከዚያ በኋላ አላውቅም፣ ለመጠባበቂያ ነው ትላለች።

ተባረኪ ልጄ። ስልኩ እጄ ላይ ቀርቷል፣ ተዘግቷል፣ ይሞቃል።

መነጽር።

ባሌ በያጅ ነው፣ ያ የብየዳ ብርሃን ስንት ዓመት ዓይኑን ሲበላው ኖሮ፣ ብረቱን ትቶ ጣቱን ሊበይድ እስኪደርስ፣ የብየዳ ቤቱ ባለቤት ሌላ ሰው መፈለግ ሲጀምር፣ ያኔ ነው መነጽሩን ይዛ የመጣችው፣ ያለፈው እረፍቷ ላይ፣ ገንዘቡን ከየት አመጣሽ ቢላት የሀብታም ልጆች አስጠናለሁ አባዬ አለች፣ አፍንጫው ላይ አድርጎ ዞር ዞር አለና እኔን ሲያየኝ ውይ አንቺ፣ መች አረጀሽ፣ አለኝ፣ ሳቅን፣ ሦስታችንም ሳቅን፣ እሷ እየሳቀች ወንበሩን ይዛ ነበር፣ ለምን እንደያዘችው አሁን ገባኝ። ሆቴል ሄጄም አወራሁ፣ ልጄ ገና ተማሪ ሆና አባቷን አበራችው፣ በሙሉ አፌ፣ አንሶላ ሳጥፍ፣ እንዴት ያለች ልጅ ነው ያለሽ ይሉኛል፣ አዎ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት እላለሁ። እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ከረሜላ ሲሰጧት እጇን ወደ ኋላ ደብቃ አመሰግናለሁ በልቻለሁ የምትል ልጅ፣ እርሳሷ አልቆ ጥፍሯ ወረቀቱን እስኪነካ ድረስ የምትጽፍ፣ ጎረቤት ሲያመሰግናት ደረቴን የምነፋ እኔ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ፣ የውሃ ጠብታ ስለቅም ልጄ ከእጄ ፈሰሰች።

ንዴት ነው ይህ? ንዴት ይመስለኛል፣ ጉልበት የሌለው ንዴት፣ ገብቼ ቀስቅሼ በጥፊ ላጠናግራት፣ ገብቼ እግሯን ልሳም፣ ሁለቱም አቅም ይፈልጋል፣ እዚሁ ቆሜያለሁ።

ጨርቁን ግፈፊው። እሳቱን አቀጣጥዪው። ማለቁ ከሆነ ይለቅ፣ እንቁላሎቹን አምጪ፣ ሁሉንም፣ ዘይቱን ቀና አድርጊና ጨምሪ፣ ጨምሪ እንጂ እጅሽ ምን ያዘው፣ እጄ ልማዱን ይዞ ጠርሙሱን ይመልሳል፣ በሌላ እጄ እገፋዋለሁ፣ ሁለት ሴቶች አንድ ጠርሙስ የሚናጠቁ ይመስላል።

እማዬ፣ ምንድነው የሚሸተው፣ ድግስ አለ እንዴ። በሩ ላይ ቆማለች፣ የኔን አሮጌ ሹራብ ለብሳ፣ እኔ ስለብሰው የሚጠበኝ እሷ ላይ ይወዛወዛል። ስልኬ ጮኸ? ጮኸ። ማን ነው? ጓደኛሽ፣ የዶርምሽ። ፊቷ አንዴ ቀልቶ አንዴ ገረጣ፣ ምን አለችሽ፣ ሁሉንም። በልቤ የያዝኩት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ፣ ለምን ሚጡ፣ ብቻ ነው የወጣው፣ ለምን።

አታጋንኚው እማዬ፣ ትንሽ ቀነስኩ እንጂ። ምኑን ቀነስሽው፣ ራስሽን? አንቺስ ትለኛለች። እኔ ምን? አንቺስ መች ትበያለሽ፣ ቁጭ ብለሽ ስትበዪ አይቼሽ አላውቅም፣ ለሁላችን ታወጪና ምድጃው ጋ ትቆሚያለሽ፣ አንቺስ ስንልሽ እያበሰልኩ ስቀምስ ጠግቤያለሁ ትያለሽ፣ እኛ ስንነሳ የድስቱን ቂጥ በዳቦ ትጠርጊያለሽ፣ ትንሽ ሆኜ እውነት ይመስለኝ ነበር፣ ትልቅ ሰው የሚጠግበው በማሽተት ነው ብዬ አምን ነበር፣ ከዚያ አደግኩና ገባኝ። ገባኝና ደስ አለኝ፣ እኔም ይህን እችላለሁ አልኩ።

እኔ እናት ነኝ እላለሁ። እኔ ደግሞ ልጅሽ ነኝ።

እንቁላሉ ይንጫጫል፣ ላማስለው፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ላማስል፣ ዓይኔ ውስጥ ሽንኩርት የለም፣ ሽንኩርት አልከተፍኩም፣ ስትመለሺ ካፍቴሪያ ትገቢያለሽ፣ ያጠራቀምሽውን መልሰሽ ብዪበት፣ ሰማሽ? እንደገና ቤቱ ቢጎድልስ ትለኛለች፣ ይጉደል፣ የኔ ጉዳይ ነው፣ እንግዲያው አንቺ ልትራቢ ነው፣ አይሆንም እማዬ፣ አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም፣ ከፈለግሽ በጥፊ በዪኝ። እልኸኛ፣ ይህን እልህ ከየት አመጣችው፣ ዝም በዪ፣ ከየት እንዳመጣችውማ ታውቂዋለሽ። እሺ እላለሁ። በምን ላምንሽ? ቁጭ ብለሽ አሳዪኝ።

ለአባዬ ግን አትንገሪው፣ መነጽሩን ያወልቀዋል። ያወልቀዋል፣ አውቀዋለሁ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይከተውና በዳበሳ ይበይዳል፣ እስኪቃጠል፣ አንድ ቀን ይነገረዋል፣ ዛሬ ግን ይይበት፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው እርስ በርስ ተደባብቆ የሚራብበት፣ ይህ ምን የሚሉት ፍቅር ነው፣ ባለሙያው ሰውዬ በሬዲዮ ይህን ቢያስረዳን።

የባሌ እግር ኮቴ ይሰማል፣ ምሳ ሰዓት ነው፣ ብረት ብረት እየሸተተ ይገባል፣ ኧረ ምን ጉድ ነው፣ እንቁላል፣ ዘይት፣ ተሳስቼ ሰው ቤት ገባሁ እንዴ፣ ታጠብና ተቀመጥ፣ እለዋለሁ፣ እኔም እቀመጣለሁ፣ ወንበሩ ይንጣጣል፣ ማንም አይቀመጥበትም ነበር፣ የታጠፈ ልብስ ማስቀመጫ ነበር። ልጄ ማንኪያዋን ይዛ አትጀምርም። ታየኛለች። እንደ ነርስ፣ ኪኒን የሰጠችው ታማሚ መዋጡን እንደምትጠብቅ ነርስ። እጎርሳለሁ። ትጎርሳለች። እንደገና እጎርሳለሁ፣ ትጎርሳለች፣ ድንቹ ትኩስ ነው፣ ጨው ልኩን ነው፣ እንዲህ ነው ለካ የማበስለው፣ ስንት ዓመት ሳበስል ትኩሱን አላውቀውም።

ሳህኔ አለቀ። ቃሉ ራሱ መጣ፣ እንደ ስቅታ፣ ጠግ፣ ከጥርሴ ጀርባ ደረሰ፣ እሷም አወቀችው፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዋጥኩት። ሳህኑን ወደሷ ገፋሁ። ጨምሪልኝ፣ አልጠገብኩም። ውሸት አይደለም፣ ይህ ነው የሚያስደነግጠው፣ እውነት አልጠገብኩም፣ መቼ እንደጀመረኝ እንጃ፣ ርቦኛል።

ትጨምርልኛለች። ከዚያ ለራሷ፣ ብዙውን፣ ጭልፋውን ሞልታ። አባቷ መነጽሩን አስተካክሎ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል፣ ኧረ ምን ሆናችሁ ነው እናትና ልጅ ዛሬ እንዲህ የራባችሁ፣ ይላል እየሳቀ፣ እኛም ቀና ሳንል እንበላለን።