የእሑድ ጾም

በለጡ የቂጣ ድርሻዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥር ወንድሟ ገበየሁ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ደረሰ።

"ወዴት ልትወስጂው ነው?"

"ገበያው ዳር በረሃብ ለወደቁት። ዛሬ ጾመኛ ነኝ።"

"ሁዳዴም ቢሆን በሰንበት እህል ይቀመሳል። በሰንበት እስከ ማታ ማን ይጾማል?"

"እነሱ ዘንድ በፈረንጅ ወር መጀመሪያ እሑድ ይጾማል። ያልበሉት ለችግረኛ ይሰጣል።"

እነሱ የምትላቸው ሞርሞን የሚባሉትን የአሜሪካ ክርስቲያኖች ነው። አሥመራ፣ በአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር፣ አንድ የሞርሞን ወታደር ቤት ለዓመታት ልብስ ስታጥብና ልጅ ስታሳድግ ኖራ እምነታቸውን ተቀበለች። ምጽዋ ባሕር ውስጥ ተጠመቀች። አምና ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷም ወደ ትውልድ ቀዬዋ መካነ ሰላም ገባች። በዚህ አገር የእሷን እምነት የሚጋራ አንድ ሰው እንኳ አታውቅም።

በጥር እናታቸው በተስቦ ስትያዝ በለጡ ቀን ከሌት ጸለየች። እናቷ ሞተች። ከዚያ ወዲህ የጸሎቱ ቃል ከአፏ ይወጣል እንጂ የሚሰማት ያለ አይመስላትም። ዛሬ ጠዋትም ጾሙን ልትተው ቂጣውን እስከ አፏ አድርሳው ነበር።

"እናታችንን አዳነልሽ?" አለ ገበየሁ። ሊያቆስላት ሳይሆን ማወቅ ፈልጎ ነበር።

"አላዳነልኝም።"

"ታዲያ ምን ይዞሽ ነው?"

ለማንም ነግራ አታውቅም። ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

"አሥመራ ሳለሁ፣ ልጠመቅ ወይስ ልተው እያልኩ ተጨንቄ፣ አንድ ቀን አንሶላ እየተኮስኩ ጸለይኩ። ደረቴን ሞቀኝ። ከዚያ ስሜን ሲጠሩኝ ሰማሁ። በፈረንጅ አፍ አይደለም፣ በትግርኛም አይደለም፤ እዚህ እንደምትጠሩኝ፣ በለጥዬ ብለው። ዞር ብል ሰው የለም። ግን አልፈራሁም። እንደዚያ ቀን ልቤ አርፎ አያውቅም።"

ገበየሁ አንገቱን ነቀነቀ። "ረሃብ ብዙ ድምፅ ያሰማል፣ እህቴ። ገበያው ዳር የሞተ ልጁን የሚያነጋግር ሰው አይቻለሁ።"

"ያን ቀን እኮ ጠግቤ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።"

ቋጠሮዋን ይዛ ወጣች።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰዎች ሬዲዮ ከበው አሥመራ ላይ ስላመፀው ወታደር ያወራሉ። ቆም ብላ አዳመጠች። ያ ቤት፣ ያ ክፍል አሁን ማን እንዳለበት አሰበችና አለፈች።

ገበያው ዳር ከወግዲ ቆላ የመጣች ሴት ሕፃን ታቅፋ ግንብ ተደግፋ ተቀምጣለች። በለጡ ቂጣውን ሰጠቻት። ሴትዮዋ ቆርሳ ለሕፃኑ አላመችለት፤ ቀሪውን ግን ወደ በለጡ መለሰችው።

"አንቺስ በልተሻል? ፊትሽ ገርጥቷል።"

በለጡ እጇ ሲዘረጋ ታወቃት። ሰበሰበችው።

"ብይ። ለእኔ አለኝ።"

ቁጭ ብላ ትንሽ ጠበቀች። ደረቷ አልሞቀም፤ የጠራትም የለም። ሕፃኑ ብቻ አፉን ያንቀሳቅሳል።

ቤት ስትመለስ ገበየሁ ከራሱ ቂጣ ግማሹን ሰሐን ላይ አስቀምጦ ጠበቃት።

"ጸሎትሽ የራስሽ ጉዳይ ነው። እናታችንን ቀብሬ አንቺን ደግሞ አልቀብርም። ብይ።"

ሰሐኑን ተቀበለችው፤ ሌላ ሰሐን ከደነችበት።

"ሲመሽ እበላዋለሁ" አለች።

ፀሐይዋ ገና ከአናት አልወረደችም ነበር።