ሰፊ ቦታ ብቻ

"አሁንም ወደቀ!" የኮምፒውተር ባለሙያዋ ጸደንያ ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው።

የወደቀው፣ ማለትም ሥራ ያቆመው፣ ሞጣ ባለው ክሊኒክ የበሽተኛውን ሁሉ ካርድ የያዘው ኮምፒውተር ነው፤ ያውም በዚህ ሰዓት! ከቢቸና የመጡት እማማ ፋንታነሽ ትኩሳት ያንቀጠቅጣቸዋል። አምና እዚሁ ተወግተው ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። የዚያ መርፌ ስም ያለው ካርዳቸው ላይ ብቻ ነው። ዶክተር ምንይሉም ካርዱን ሳላይ አልወጋም ብሏል።

ይኼ ኮምፒውተር ለብቻው የቆመ አይደለም፤ በአንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ከሌሎች ሁለት ኮምፒውተሮች ጋር ቦታ ተጋርቶ በደባልነት የሚሠራ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በወደቀ ቁጥር አጥፍታ ስታበራው ይነሣላት ነበር። ሠራተኛው "እጀ መድኃኒት" ሲላት ደስ ይላታል እንጂ ለምን እንደሚወድቅ አጣርታ አታውቅም። ዛሬ ግን ሦስቴ አጥፍታ አበራችው፤ ሦስቴም ወደቀ። ቸግሯት የስሕተት መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"ምን ሆንኩ ነው የሚለው ልጄ?" አሉ የእማማ ፋንታነሽ ባል፣ አያ ቢሆነኝ፣ ከበሩ ላይ።

"ሚሞሪ አጣሁ ይላል፤ የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው።"

"ሞልቶ ነው?"

"ኧረ ግማሹ ባዶ ነው! ግን የተቆራረጠ ነው። ይኼ ደግሞ አንድ ወጥ ሰፊ ቦታ ካላገኘሁ ይላል።"

"እንደኛ መሬት በላ! አራት ጥማድ አለኝ፤ አንዱ ከወንዝ ማዶ፣ አንዱ ከገደል ሥር። ታዲያ በቁርጥራጩ ይታረሳል እንጂ ጦም ይታደራል?"

ጸደንያ ክው አለች። በቁርጥራጩ እንዳይሠራ የከለከለችው ራሷ ናት! ሲተከል፣ ይፍጠንልኝ ብላ "ሰፊ ቦታ ብቻ" ብላ አዝዛው ነበር። ትእዛዙን ቀየረችው፦ ሰፊው ከጠፋ በትንንሹ ሥራ። ከዚያ አጥፍታ አበራችው።

አንድ ደቂቃ። ሁለት። አልወደቀም! ካርዱ ተከፈተ።

"ዶክተር! ፔኒሲሊን ነው! ፔኒሲሊን እንዳትወጋቸው!"

"ተመስገን! ሌላ መድኃኒት አለን" አለ ዶክተር ምንይሉ፣ ወደ በሽተኛዋ እየሮጠ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩሳቱ በረደ። እማማ ፋንታነሽ አጥሚት ፉት አሉ፤ አያ ቢሆነኝም ሁሉንም ሰው አንድ በአንድ መረቁ። ጸደንያ ከደስታዋ ብዛት እንባዋ መጣ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሀብትነሽ የሪፖርት ወረቀት ይዛ ገባች። "መብራቱ ነው አይደል ያበላሸው? እንደዚያ ብዬ ልጻፈው?"

አዎ ብትል ማንም አይጠይቃትም። መብራት እንደሆነ ሁሌም ይታማል።

"አምጪው፣ እኔ ልጻፈው" አለች ጸደንያ። "የስሕተቱ ምክንያት" ከሚለው ፊት ለፊትም የራሷን ስም ከነአባቷ አሰፈረች።