ሁለት ገፊ፣ አንድ ቁም ሣጥን

አባቴ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ ቢወጣም፣ ሰው መፈተኑን አልተወም። አናጺው እጮኛዬ መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን "በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር እየነዳሁ መጣሁ" ቢለው፣ "ይህ ስካላር ነው" ብሎ አቋረጠው። መጠን ብቻ ያለው ስካላር ነው፣ እንደ ሙቀት፤ መጠንም አቅጣጫም ያለው ደግሞ ቬክተር ነው፣ እንደ ኃይል። የምስኪኑ ሻይ እስኪቀዘቅዝ አስተማረው። እንግዳው ሲሄድ ወደ እኔ ዞሮ "ጉልበት አለው፣ አቅጣጫ የለውም" አለኝ። በግኜ ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

እናቴ ግን ልጁን ወደደችውና ቁም ሣጥን አሠራችው። አባቴም "ይህ ነገር መኝታ ቤት ይግባና ስለ ጋብቻው መልሴን እሰጣለሁ" አለ።

ቁም ሣጥኑ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ተቀረቀረ። አባቴ ከውስጥ፣ እጮኛዬ ከኮሪደሩ በኩል ቀሩ።

"በሙሉ ኃይልህ ግፋ!" ይላል አባቴ እያቃሰተ።

ግማሽ ሰዓት ተገፋ። ንቅንቅ የለም። እጮኛዬ ሁለት ጊዜ "አባባ፣ እርስዎ ቢተዉት..." ብሎ ነበር። "ስለ ኃይል ለእኔ ልትነግረኝ ነው?" ተባለና መግፋቱን ቀጠለ።

በመጨረሻ እኔ በክፍተቱ አጮልቄ "አባዬ፣ አንተ ወዴት ነው የምትገፋው?" አልኩት።

"ወደ ውጭ ነዋ። ይውጣና በጎኑ ይግባ።"

"አንተስ?" አልኩት እጮኛዬን።

"እኔማ ወደ ውስጥ" አለ፣ ትከሻውን ከእንጨቱ ሳያነሳ።

እናቴ በሳቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "ሠላሳ ዓመት ያስተማርከውን ለራስህ ረሳኸው?" አለችው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። አባቴ ሰው ፊት ከተሳሳተ ሳምንት ያኮርፋል፤ ሠርጋችን አበቃለት አልኩ በልቤ።

"በተቃራኒ መግፋታችንን ካወቅክ ለምን አልለቀቅከውም?" አለው አባቴ እጮኛዬን በቁጣ።

"ብለቀው እርስዎም ከነቁም ሣጥኑ ኮሪደሩ ላይ ይዘረራሉ። እስኪደክምዎት ደግፌ ልያዘው ብዬ ነው።"

ከውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

"ልጄ" አለ አባቴ።

"አቤት" አልኩ።

"አንቺን አይደለም። ልጄ፣ ንገረኝ እስቲ፣ ወዴት ልግፋልህ?"