ከምድጃው ጎን የተሰቀለው ቴርሞስታት

የቤቱን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ቴርሞስታት የተሰቀለው የማይሆን ቦታ ነበር፤ ብርዱ ከገባ በኋላ ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የዊኒፍሬድ መኝታ ቤት ከአሥራ ሦስት ዲግሪ አላለፈም። ሴትዮዋ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ በሳንባ ምች ከተኛችበት ሆስፒታል የወጣችውም በቅርቡ ነው። ቤት እየመጣች የምትከታተላት ነርስ ለእሷና ለልጇ ቁርጡን ነግራቸዋለች፦ እስከ ዓርብ ክፍሉ አሥራ ስምንት ካልገባ ዊኒፍሬድ የአረጋውያን መጦሪያ ትገባለች።

ልጇ ሂላሪ መጦሪያውን ሄዳ አይታዋለች። ንጹሕ ነው፣ ይሞቃል። እናቷ ግን እዚያ አንድ ክረምት እንደማትዘልቅ ታውቃለች።

ማሞቂያውን የገጠመው ባለሙያ ጋርዝ ሁለት ጠዋት መጥቶ ቤቱን የሚያሞቀውን ውሃ የሚያፈላውን አዲሱን ቦይለር ቢፈትሽ እንከን አላገኘበትም። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዊኒፍሬድ ደግሞ ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን የሳሎኑን የግድግዳ ምድጃ ከሰል ታቀጣጥላለች። ቦይለር ገባም አልገባም፣ ምድጃው ያልነደደ ቤት ለእሷ ሰው የሞተበት ቤት ነው። ጋርዝ ሻዩን እንደያዘ እሳቱን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ቴርሞስታቱ ያለበትን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰሰ። ግድግዳው አሁን እንደወጣ ዳቦ ይፋጃል።

«እዚህ ስቀለው ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ፣ እማማ።»

«ከወንበሬ ሆኜ ላየው ነዋ።»

«በበጋው፣ በሐምሌ ስሰቅለው ምድጃው ውስጥ የደረቀ አበባ ነበር። ሥራ ያቆመ መስሎኝ።»

«እኔንም እንደዚያው ሳይመስልህ አልቀረም» አለችው።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። መሣሪያው የከሰሉን ሙቀት እየቀመሰ ቤቱ ሁሉ የሞቀ ይመስለዋል፤ ቦይለሩን ያስተኛዋል። ግድግዳው ሙቀቱን ይዞ ያድራል፣ ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤቷ ግን እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ሂላሪ ትዕግሥቷ አልቆ ነበር፤ ከሰሉን ተይው አለቻት። እናቷ ከሰሌን ካጠፋሁማ ይህ ቤት ከመጦሪያው በምን ይለያል ብላ ፊቷን አዞረች። ሂላሪ ኮሪደሩ ላይ ብንሰቅለውስ ስትል ደግሞ ጋርዝ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከደጅ የሚገባው ብርድ ቦይለሩን ያለ ዕረፍት ያስነድደዋል። የቀረው መኝታ ቤቱ ነው፦ ከመስኮቱና ክፍሉን ከሚያሞቀው ራዲያተር ራቅ ብሎ፣ በውስጠኛው ግድግዳ፣ በሰው ደረት ከፍታ።

«ከወንበሬ አይታየኝም» አለች ዊኒፍሬድ።

«እማዬ፣ ማየት ያለበት እሱ ነው አንቺን።»

አሮጊቷ እጇን አወናጨፈች፤ እንደፈለጋችሁ ማለቷ ነበር። ጋርዝ መሰርሰሪያውን ይዞ ወደ ፎቅ ወጣ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ታች ከሰሉ እየተንቦገቦገ፣ ነርሷ ፎቅ ላይ የሙቀት መለኪያዋን የዊኒፍሬድ ትራስ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። አሥራ ስምንት ተኩል። ወረቀቷ ላይ ጻፈችና በጥር እንደምትመለስ ተናግራ ሄደች። ሂላሪ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«በይ ሂጂ ወደ ቤትሽ» አለች እናቷ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን የተኮሳተረ ፊትሽን ጠገብኩት።»

ሂላሪ ሳቀች፤ ከስንት ቀን በኋላ። እናቷን ግንባሯን ሳመቻት፣ ኮቷን ደረበች፣ ወጥታም በሩን ዘጋችው።