የልጄ ክርን አይዋሽም

ሰፈሩ «እማማ ቱግ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ግድም የላቸው። ዛሬ ግን ቱግ ማለት ሲያንሳቸው ነው! ልጃቸው ለገመች ተባለች። ያቺ ስትለፋ የምትውል ልጅ ለገመች!

ልጅቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ባንድ እጇ ብሩሽ፣ በሌላው ያንን ከባድ ፀጉር ማድረቂያ ይዛ ክርኗን ስታጥፍ ስትዘረጋ ትውላለች። ውላ አድራ ቀኝ ክርኗ ቋ እያለ ይይዛት ጀመር፤ በውጭ በኩል እሳት ነው። ራጅ ተነሳች፣ አጥንቷ ደህና ነው ተባለ። የፀጉር ቤቷ ባለቤት ይህን ስትሰማ፣ «ደህና ከሆንሽ ታዲያ ምን ሆንኩ ነው የምትዪው? እስከ ሰኞ ካልተሻለሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ» አለቻት።

«አፏን ይቁረጠውና!» አሉ እማማ ቱግ፤ የልጃቸውን ክንድ ጭናቸው ላይ አጋድመው በዘይት እያሹ። ሥራ ስትገባ ስትወጣ እንዲህ ነው የሚያሿት። በመጨረሻም ሳብ፣ ቀጥ! ክርኗ ቋ አለ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ወጣልሽ። አሁን ሌላ ሐኪም ጋ ይዤሽ እሄዳለሁ። የልጄ ክርን አይዋሽም!»

አዲሷ ሐኪም ወጣት ናት፤ ቢሆንም የልጅቷን እጅ ቶሎ አልለቀቀችም። መዳፏን ወደ ታች አዙራ ክርኑን አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። ቋ! ከዚያ በአልትራሳውንድ መሣሪያ አየችው።

«ራጅ ይህን አያሳይም» አለች። «መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ነገር አለ፤ እንደ ኮት ገበር እጥፋት አለው። ሁላችንም አለን። የሷ ግን ሥራ ሲበዛበት አጥንቶቹ መሃል እየተቆነጠጠ አብጧል፣ ወፍሯል። ቋ የሚለው እሱ ሲያመልጥ ነው።»

«እሰይ! ያቺ ሴትዮ ይህን በሰማች! ለገመች አለቻት እኮ፣ ዶክተር! ዓይኗን በጨው አጥባ!»

ሐኪሟ ግን ክርኑ ላይ ያለውን የጣት ሰንበር እያየች ነበር። «ይህን ማን እየጎተተ ነው ቀጥ የሚያደርገው?»

ልጅቷ አቀረቀረች።

«እኔ ነኛ!» አሉ እማማ ቱግ ደረታቸውን ነፍተው። «እናቷ!»

«እናቴ፣ በጎተቱት ቁጥር እጥፋቱ ይጨፈለቃል። ቢያርፍ ኖሮ እስካሁን ይሻላት ነበር። አሁን ቢያንስ ለሳምንታት ሥራ የለም፤ እንቢ ካለም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣል።»

ሳምንታት! ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው። እማማ ቱግ ልጃቸውን አስከትለው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩባት።

«ያምሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ይዘጋሻል! አሠሪሽን አመመኝ ለማለት ያልፈራሽ፣ እኔን ፈራሽኝ? አውሬ ነኝ?»

«ወጣልሽ ስትዪ ደስ ይልሻል፣ እማዬ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«ይክፋኝ! ይክፋኝ እንጂ! ምን አባቱ!» አሉ። አግዳሚው ላይ ዘፍ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ያቺ ሴትዮ እንኳ የበደለችሽ ሳታምንሽ ነው፣ ልጄ። እኔ እኮ አምኜሽ ነው እጅሽን የሰበርኩት።»