ስኳር ገዳዩ ሐረግ

ህንዳዊው መምህር ኩሪያን በ1968 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ለቦሌ ጎረቤቱ ለገብረአምላክ ሁለት ነገር ትቶለት ሄደ፤ አጥር ላይ የሚጠመጠም ሐረግና በአገሩ ፊደል የተጻፈ አንድ ወረቀት። ገብረአምላክ ስኳር በሽታ አለበት። ቅጠሉን ጠዋት ጠዋት ከሐኪም ክኒኑ ጋር ያኝከዋል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በቤት ለቤት አሰሳው ሰሞን፣ የአብዮት ጠባቂዎች ቤቱን ሲያገላብጡ ያንን ወረቀት ከመሳቢያ አወጡት። መሪያቸው ዘርአጽዮን ደጋግሞ አገላብጦ አየው።

«ይሄ የምስጢር ጽሑፍ ነው። ቁጥርም አለበት። የማን ቀጠሮ ነው?»

«የመድኃኒት አወሳሰድ ነው» አለች የገብረአምላክ ሚስት ወርቅዬ። «ሐረጉ ያውና፣ አጥሩ ላይ። ስሙ ስኳር ገዳይ ነው።»

«ገዳይ?»

ወርቅዬ ምላሷን ነከሰች። ባሏን ሁለት ታጣቂዎች ክንዱን ይዘው ወደ መኪናቸው መግፋት ጀምረዋል። ሮጣ ቅጠል ቀንጥሳ መጣች።

«ይህን አኝከው ስኳር ይቅመሱ፤ አይጣፍጥዎትም። ውሸት ከሆነ ሁለታችንንም ይውሰዱን።»

ዘርአጽዮን መጀመሪያ እሷ እንድታኝክ አዘዘ። እስክትውጥ ጉሮሮዋን አየ። ከዚያ እሱም አኘከና አንድ ማንኪያ የቀበሌ ስኳር አፉ ውስጥ ጨመረ። አሸዋ ሆነበት። እንትፍ ብሎ ሽጉጡን መዘዘ።

«መርዘሽኛል!»

«እኔም በልቻለሁ!» አለች። «ትንሽ ይታገሡ፤ ጣዕሙ ይመለሳል።»

ሽጉጡን ግንባሯ ላይ እንደደገነ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።  በሁለቱ ታጣቂዎች መሀል የቆመው የገብረአምላክ ከንፈር ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። ዘርአጽዮን በየአምስት ደቂቃው ስኳር ይልሳል፣ ይተፋል። አንዴ ቃታውን በጣቱ ሲዳስስ ወርቅዬ ዐይኗን ጨፈነች። ግማሽ ሰዓት አልፎ የላሰውን ስኳር አልተፋውም፤ ዋጠው።

«ልቀቁት» አለ። ወረቀቱን ግን ቀዳደደው፤ ሐረጉንም ከነሥሩ አስነቀለው።

በሦስተኛው ሳምንት ብቻውን፣ ያለ መሣሪያ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«እማማ፣ እናቴን ስኳር ነው አሏት። ከዚያ ቅጠል የተረፈ ይኖርዎታል?»

ወርቅዬ አንድ ቆርቆሮ የደረቀ ቅጠል አላት። የባሏ የመጨረሻው ነው።

«የለም። አንተው ነቅለኸዋል» አለችና በሩን ዘጋችበት።

ገብረአምላክ ከውስጥ ሰምቷል። «ለእናቱ ነው እኮ፣ ወርቅዬ።»

«ግንባሬ ላይ የደገነውስ?»

ገብረአምላክ ቆርቆሮውን አውርዶ ግማሹን በጋዜጣ ጠቀለለና ዘርአጽዮንን ሊከተል ወጣ። መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስበት፣ ሁለቱም ቆመው ሲነጋገሩ፣ ወርቅዬ ከደጃፏ ታያለች። የሚሉት አይሰማትም። ባሏ ባዶ እጁን ዞሮ መምጣት እስኪጀምር ድረስ የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።